ወያላ የሌለው ጋዜል

ባሌ ራሺያ ውስጥ ሚኒባስ ይነዳ እንደነበር የሰማሁት ከራሱ አፍ አይደለም። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ሠርግ ላይ፣ ከእሱ ጋር ራሺያ የተማረ ሰው ሳህኑን ይዞ መጥቶ ከጎናችን ተቀመጠና ትከሻውን መታ አድርጎ «ጋዜሏን ለማን ትተህ መጣህ?» አለው። ባሌ ሳቀ። የሳቀው ግን በአፉ ብቻ ነበር፤ የያዘው ሹካ ሳህኑ ላይ ቆሞ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እኔን አያመልጠኝም።

አስቀድሜ ልናገር፤ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ። እንቁላል ስገዛ ካርቶኑን ከፍቼ አንድ በአንድ ሳላገላብጥ አልወስድም። ክሪስታል ሲቲ የምሠራበት ሆቴል መቀበያው ጋ ቆሜ፣ «ባለቤቴ ናት» ብለው ከሚገቡት ወንዶች የትኛው እንደሚዋሽ ከሻንጣ አያያዙ እለያለሁ። ሰው ይህን ጠባዬን እንደ በሽታ ያየዋል። እኔ ግን ጠርጥሬ ባዶ እጄን የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ልተወው አስቤ አላውቅም።

ስንጋባ የነገረኝ ሌላ ነበር። ራሺያ ምህንድስና ተምሬ፣ ከዚያ አንድ ድርጅት ውስጥ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቼ፣ ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ ነው ያለኝ። ሹፌርነት የሚደበቅ ሥራ ቢሆን አንድ ነገር ነው። እኛ የምንኖርበት አፓርትመንት ውስጥ ግን ግማሹ ወንድ ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ማን ፊት ነው የሚያፍረው? ስለዚህ የደበቀው መኪናውን ሳይሆን ከመኪናው ጋር ያለ ሌላ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ። ያ ሌላ ነገር ደግሞ በእኔ ሐሳብ ውስጥ ሁልጊዜ ቀሚስ የለበሰ ነው።

ከሠርጉ ስንመለስ እየነዳሁ ጠየቅኩት።

«ጋዜል ምንድን ነው?»

«የራሺያ መኪና ነው። ትንሽ ቫን።»

«አንተ ትነዳው ነበር?»

«ለአጭር ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑ ይነገራል?» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ቤት እስክንደርስ አልተመለሰም።

በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ፈለግኩት። አንድ መኪና መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ነው። አንዱ ከኋላው ክፍት ጭነት ማመላለሻ ነው፣ አንዱ ሳጥን ተሸክሞ ዳቦ ያከፋፍላል፣ አንዱ ዳር ዳሩን መስኮት አለውና ሰው ይጭናል። ፊታቸው ግን የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ይናገራል፤ አፍንጫቸው አጠር ብሎ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። አብዛኞቹ ፎቶዎች ላይ ጭቃ ወይም በረዶ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን መኪናውን ያይ ነበር፤ እኔ መስኮቶቹ ውስጥ ሴት እፈልግ ነበር።

ለዚያ ለሠርጉ ሰው ደወልኩለት። በምን ምክንያት እንደደወልኩ ሳልነግረው፣ እንዲያው የድሮውን እንዲያጫውተኝ ጠየቅኩት። ደስ ብሎት አጫወተኝ። እዚያ አገር ቢጫም ነጭም ጋዜል በየመንገዱ እንደ እኛ አገር ታክሲ ሰው ሲለቅም ይውላል። ልዩነቱ ወያላ የለውም። የሚጣራም፣ በር የሚከፍትም፣ ሒሳብ የሚሰበስብም የለም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሒሳቡን ለፊተኛው ይሰጣል፣ ያም ለፊተኛው፣ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ሹፌሩ ጋ ይደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው መልስ ይሰጣል።

«አንድም ሰው የሌላውን አይሰርቅም?» አልኩት።

«አይሰርቅም እኮ ነው የሚገርምሽ» ብሎ ሳቀ።

ለእኔ ይህ ሊታመን የሚችል ነገር አልነበረም፤ ግን ለዚያ አልነበረም የደወልኩት። «እዚያ ሴት ነበረችው?» አልኩት በቀጥታ። ሳቁ ቆመ። ከዚያ «እህቴ፣ እሱን እሱኑ ጠይቂው» አለኝ፤ ድምፁ የቅድሙ አልነበረም። የለችም ማለት አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል ማውጣት ካቃተው የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ባሌን ማየት ብቻ ሳይሆን መጠበቅ ጀመርኩ። የማየው ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ይመልሰኝ ነበር። ይህ ሰው ሰው ጭኖ አይነዳም። መንጃ ፈቃድ አለው፣ መኪና አለን፣ ብቻውን ሲሆን ግሮሰሪም ይሄዳል፣ ዘይትም ያስቀይራል። እኔ ወደ መኪናው ስመጣ ግን ቁልፉን ሰጥቶኝ በሌላው በር ይገባል። አንድ ቀን ወገቡ ነው፣ አንድ ቀን ዓይኑ ነው፣ አንድ ቀን «አንቺ መንገዱን ታውቂዋለሽ» ነው። ልጃችን የተወለደች ጊዜ እኔ ሆዴ ተሰፍቶ መንዳት በማልችልበት ሰዓት፣ የራሳችን መኪና ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የሚመጣ ባለታክሲ ጠርቶ ነው እኔንም ሕፃኗንም ወደ ቤት የላከን። እሱ መኪናችንን ብቻውን እየነዳ ከኋላ ተከተለን። ባለታክሲው በመስታወቱ እያየኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዞር ብዬ የኋላውን መኪና አይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ያኔ የማስበውን አንባቢ ቢሰማ ይስቅብኛል፤ ግን ልንገረው። እዚያ የቀረች አንዲት ሴት «ከጎንህ ሌላ ሴት እንዳታስቀምጥ» ብላ አስምላዋለች ብዬ ነበር የማስበው። ሰው እንዲህ የሚያከብረው መሐላ ካለ ደግሞ ትዳር አለ ማለት ነው። ትዳር ካለ ልጅም ይኖራል። እንግዲህ እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ ማለት ነው፤ እንደዚያ እያልኩ ዳይፐር እቀይር ነበር።

የሚሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ጠዋት የቢጫውን መስመር ባቡር ይዞ፣ ከዚያ ወደ ቀዩ መስመር ቀይሮ ይሄዳል። አንድ ቀን ልጄን ለጎረቤት ትቼ ተከተልኩት። ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለ ሳንድዊች ቤት መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩና የማልጠጣውን ሻይ አዘዝኩ። የጠበቅኳት ሴት አልመጣችም። የሰው መኪና እየተቀበለ በጠባቧ መዞሪያ ወደ ላይ ሲያወጣ፣ ወደ ኋላ ሲያገባ፣ ግድግዳ ሳይነካ ሲያቆም አየሁት። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት። ትንሽ ቆይቶ ከዘራ የያዙ አንዲት ነጭ አሮጊት መኪናቸውን ይዘው መጡ፤ ደረጃው ስለከበዳቸው አብረውት ተቀምጠው ወደ ላይ እንዲያወጣቸው ፈለጉ መሰለኝ የጎኑን በር ከፍተው ገቡ። ባሌ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። ከዚያ ባልደረባውን ጠርቶ ቁልፉን ሰጠውና ራሱ ወደ ሒሳብ መቀበያዋ ጎጆ ገባ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እንኳ የፊቱ ቀለም እንደጠፋ ይታየኝ ነበር።

መሐላው አሮጊትንም ይጨምራል ማለት ነው ብዬ እየተናደድኩ ወደ አሌክሳንድሪያ ተመለስኩ።

ልጃችን እያደገች ስትሄድ ቤተ ክርስቲያናችን አረጋውያኑን ከየአፓርትመንቱ ለማምጣት አንድ ትልቅ ቫን ገዛች። ሹፌር ሲፈለግ እኔ ሳላማክረው ስሙን ሰጠሁ፤ ራሺያ ውስጥ ስንት ዓመት ሕዝብ ያመላለሰ ሰው ነው አልኳቸው። ምን እንደሚል ለማየት ያደረግኩት ነው። እሁድ ዕለት አንድ ሽማግሌ ከአምልኮ በኋላ እጁን ይዘው «ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ፣ ቫኑን ላንተ ነው የሰጠነው» ሲሉት እኔ ከጎኑ ነበርኩ። «አልችልም ጋሼ» አለ። ለምን ቢሉት «አልችልም» ብቻ። መኪናችን ውስጥ ከገባን በኋላ ጮኼ አናገርኩት፣ ልጄ ከኋላ ተቀምጣ እየሰማች።

በዚያው ሳምንት፣ በየሰው ቤት እየተሰበሰብን በምንጸልይበት የቤት ኅብረታችን ላይ፣ ያደረግኩትን አደረግኩ። ለማያውቅ ሰው ልግለጽ። ኅብረታችን ሲያበቃ እያንዳንዱ ሰው የጸሎት ርዕስ ይሰጣል። የታመመ ስለ ሕመሙ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሚጠብቅ ስለ ወረቀቱ ይናገራል። ይህ ሥርዓት አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ስለ ማንም ሰው ማንኛውንም ነገር ብትናገሪ ሐሜት አይባልም። ወሬሽን ጨርሰሽ «እንግዲህ በጸሎት አስቡልኝ» ካልሽ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ አሜን ይላል። ባሌ የዚያን ቀን ሥራ ላይ ነበር። ተራዬ ሲደርስ «ባለቤቴ ራሺያ ትቶት የመጣው ነገር አለ፤ ጌታ እንዲገልጠው ጸልዩልኝ» አልኩ።

እኔ ያልኩት «ነገር» ብቻ ነው። እሁድ ሲደርስ ነገሩ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ። አንዲት እህት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አቅፋኝ «አይዞሽ፤ ለመሆኑ ልጆቹ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው?» አለችኝ። ሁለት ናቸው አሉ፣ ወንድና ሴት። የሚገርመው፣ እኔው ራሴ የዘራሁትን ወሬ ከሰው አፍ ስሰማው ማረጋገጫ መሰለኝ። ይኸው ሌላ ሰውም ያውቃል ብዬ መስታወቱ ፊት አለቀስኩ።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፤ ልጄን ጎረቤት ሰድጃታለሁ። ሁለት ነበሩ። አንደኛው የቫኑን ነገር የጠየቁት ሽማግሌ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሚኒባሶች የነበሯቸው፣ ልጆቻቸው ወደዚህ ያመጧቸው ትልቅ ሰው። ሁለተኛው ከእኛ ትንሽ የሚበልጥ፣ ባንክ የሚሠራ ወንድም ነው። ሻይ ቀረበ። ስለ አየሩ ተወራ፣ ስለ ቤት ኪራይ ተወራ። ባንክ የሚሠራው ወንድም ስለ ይቅርታ ጀመረና ረጅም መንገድ ዞሮ «አንዳንዴ ሰው በወጣትነቱ የተወው ኃላፊነት...» ብሎ ቆመ።

ባሌ ስኒውን አስቀመጠ። «ጥያቄያችሁ ልጅ አለህ ወይ ነው?»

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ።

«ልጅ የለኝም። ሚስትም የለኝም፤ ከእሷ ሌላ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ይኼን ነው ስትፈልጊ የኖርሽው?»

የእሱን ስኒ አንስቼ ሻይ ጨመርኩበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ፤ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ።

አስተርጓሚ ሆኖ አያውቅም። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው የአንድ ሰው ጋዜል ይነዳ ነበር። በእሱ መስመር ጠዋት ጠዋት የሚሳፈሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሁልጊዜ ከፊት፣ ከእሱ ጎን ነው የሚቀመጡት። ከኋላ የሚመጣውን ሒሳብ ተቀብለው የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ፤ ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ የሚያውቁትም እሳቸው ነበሩ። «ልጄ» ይሉት ነበር። በዚያ አገር ለጥቁር ሰው «ልጄ» የሚል ሰው ብዙ አልነበረም አለ።

«በረዶ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ትልቅ ኖት ላከ። እሳቸው ተቀብለው ሰጡኝ፣ እኔም መልሱን ለመፈለግ ወደ ታች አየሁ። ሳንቲሙ ጉልበቴ አጠገብ ሳህን ላይ ነው የሚቀመጠው። ቀና ስል የቆመ የጭነት መኪና ፊቴ ደርሷል። ወደ ግራ ጠመዘዝኩ።»

እጁ ራሱ መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ግራ ዞረ። ወደ ግራ የጠመዘዘ ሰው በቀኝ በኩል ያለውን ለጭነት መኪናው እንደሚሰጥ ለመረዳት ሹፌር መሆን አያስፈልግም።

«እኔ ምንም አልሆንኩም። እሳቸው እዚያው ሞቱ። መልሱ እጄ ላይ ነበር።»

«ወያላ አልነበረህም?» አሉ ሽማግሌው።

«እዚያ ወያላ የለም ጋሼ።»

«እኔም አንዱን መኪናዬን አንድ ሰሞን ያለ ወያላ አሠርቻለሁ፤ ሹፌሩ ይችላል ብዬ» አሉና ዓይናቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ምን እንደደረሰ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

የጋዜሉ ባለቤት ፖሊስ ሳይደርስ መጥቶ ባሌን በሌላ መኪና አሽሽቶታል። ያለ ፈቃድ ማሠራቱ እንዳይታወቅበት ሌላ ሰው ነው የነዳው አስብሎ አስጻፈ። ያም ሌላ ሰው ምን እንደሆነ ባሌ እስከ ዛሬ አያውቅም። «ስሜ የትም የለም። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። አንቺ ብቻ ነሽ የጠየቅሽኝ፤ አንቺ ደግሞ የምትጠይቂኝ ሌላ ነገር ነበር» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ጸለዩ። ጸሎታቸው ውስጥ እፎይታ ነበር፤ አደጋ ማንም ላይ የሚደርስ ነው፣ ከውሽማና ከዲቃላ ይልቅ ለአደጋ መጸለይ ይቀላል። ባንክ የሚሠራው ወንድም ሲወጣ ባሌን አቅፎ «ይኼ እኮ ኃጢአት አይደለም» አለው። እኔም እፎይ አልኩ፤ አልዋሽም። ሴት የለችም። ሕፃናት የሉም። የዚያን ቀን ራት ስሠራ ሁሉ እያዜምኩ ነበር።

ግን ጠባይ አይለቅም። በማግስቱ ታሪኩን አገላብጬ መመርመር ጀመርኩ። ባለቤቱ እንዴት ከፖሊስ ቀደመ? ተሳፋሪዎቹ ሹፌሩ ጥቁር ነበር ብለው አይመሰክሩም ወይ? ያኔ ጠጥቶ ቢሆንስ? ሰሃን ሳጥብ ጠየቅኩት፣ ልብስ ሳጣጥፍ ጠየቅኩት፣ አንዱን ጥያቄ በሌላ መልክ አድርጌ መልሼ ጠየቅኩት። ቦታው ለባለቤቱ ቤት ቅርብ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ግማሾቹ ተጎድተው ነበር፤ ምን እንዳሉ አያውቅም። ጠጥቶ አልነበረም። ሁሉንም ሳይሰለች፣ ሳይቆጣ፣ በአንድ ዓይነት ቃል መለሰልኝ። በሆቴሉ መቀበያ ስንቱን ውሸታም ያየሁ ሴት ነኝና አውቃለሁ፣ እውነቱን ነበር የሚናገረው። አመንኩት። ሳምነው ደግሞ ፈራሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ልጃችን የዋና ትምህርት ነበራት። እኔ ልወስዳት ስዘጋጅ ከሆቴሉ ተደወለ፤ አንዲት ሠራተኛ ታማ ቀርታለች፣ ቶሎ ድረሺ አሉኝ። ዞር ስል ባሌ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጺሙን ተላጭቷል፣ ጫማውን አድርጓል።

«አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ። እኔ እወስዳታለሁ» አለኝ።

ይህን ቃል ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩት። ስለዚህ ቃል ጮኼበታለሁ፣ ሰልዬዋለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው አስጸልዬበታለሁ። አሁን ሲመጣ ፊቱ ቀሎት ነበር፤ ከተናገረ በኋላ እንቅልፍ እንኳ ይወስደው ጀምሮ ነበር። ልጄ ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ወደ ላይ ታየናለች። እኔ በሐሳቤ ያየኋት ከፊት ወንበር፣ በቀኝ በኩል ተቀምጣ ነው። እንደ እሷ ያለ ልጅ ከፊት እንደማይቀመጥ አውቃለሁ፤ ግን ያየሁት እንደዚያ ነው።

«ግድ የለም፣ ኮል አድርጌ ሺፍቴን አስቀይራለሁ» አልኩት።

«ማን ይቀይርልሻል አሁን?»

«አንድ ሰው አይጠፋም። እኔው እወስዳታለሁ።»

ገባው። እጄ የመኪናውን ቁልፍ እንደጨበጠ አየ። ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን መፍታት ጀመረ፤ ከዚያ ጎንበስ እንዳለ «ያኔ ሳንጋባ ነግሬሽ ቢሆን ታገቢኝ ነበር?» አለኝ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እውነቱን ንገረኝ እያልኩ ስንት ዓመት ያሰቃየሁት ሰው ነው። እንዴት ብዬ እዋሸዋለሁ?

«አላገባህም ነበር» አልኩት።

«እሱን ነው የፈራሁት» አለ። አልተቆጣም። ጫማውን አንስቶ በቦታው አስቀመጠ።

ልጄን ይዤ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበሯ ላይ ወጥታ ስትቀመጥ «ማሚ፣ ዋይ ካንት ዳዲ ቴክ ሚ?» አለችኝ፤ አባቷ ለምን እንደማይወስዳት መጠየቋ ነው።

«ሥራ አለው» አልኳት።

«ኖ። ሂ ኢዝ ኦፍ ቱዴይ፤ ሥራ የለውም።»

በመስታወቱ አየኋት። ዓይኗን አጥብባ ታየኛለች፤ እኔ አባቷን ሳየው በኖርኩበት ዓይን።

«ቀበቶሽን እሰሪ» አልኳትና መኪናውን አስነሳሁ።